የአባዬ ቅዳሜዎች

«ልጅቷን ይዣት እሄዳለሁ» ሲል ሰምቼ ስለነበር ካፖርቴን ለብሼ፣ የጫማዬን ክር ሁለቴ ቋጥሬ፣ በሩ ሥር ቆሜ ጠበቅኩት።

አባዬ ከመኝታ ቤት ወጣ። በአንድ እጁ የመኪና ቁልፍ፣ በሌላው የስም ዝርዝር የታሰረበት ክሊፕቦርድ ይዟል። ሲያየኝ ቆመ።

«እምዬ፣ ወዴት ነው?» እምነት የሚለውን ስሜን ሲያቆላምጥ ነው።

«ካንተ ጋር ነዋ።»

እናቴን ዞር ብሎ አያት። እናቴ አያልነሽ ሶፋው ላይ የሆቴል ዩኒፎርሟን እያጣጠፈች ነበር፤ ቀና አላለችም። የእናቴ ቀና አለማለት ራሱን የቻለ ንግግር ነው። «ራስህ ያመጣኸው ነው፣ ራስህ ተወጣው» ማለት ነው።

«እኔ እኮ… ሔርሜላን ማለቴ ነበር» አለ አባዬ፣ የክሊፕቦርዱን ብረት እየከፈተ እየዘጋ።

ተናግሮ ሳይጨርስ ሔርሜላ ራሷ ከላይኛው ፎቅ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወርዳ፣ ሳታንኳኳ በሩን ከፈተች። የጎረቤታችን የእትዬ ዘርፈሽዋል ልጅ ናት። እሷ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፣ እኔ አሥር። እዚሁ ዴንቨር የተወለደች፣ ጥርሷ ላይ ብረት፣ አፏ ውስጥ ማስቲካ የማይጠፋ። «ጋሼ ወልዴ፣ ረፈደብን እኮ! ሌትስ ጎ!» አለች። አባቴን እንደ እኩያዋ «ሌትስ ጎ» አለችው፤ እሱም ሄደ።

እኔ ካፖርቴን አላወለቅኩም። እናቴ «ልጄ፣ ይሞቅሻል» ስትል «አይሞቀኝም» እያልኩ፣ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ፣ እስከ ምሳ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። ቅናት ምን ያህል እንደሚያሞቅ ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ጊዜው በፈረንጆቹ 2016፣ የካቲት ነበር። አሜሪካ ፕሬዚዳንት ልትመርጥ ሽር ጉድ የምትልበት ዓመት። ዋናው ምርጫ ኅዳር ላይ ቢሆንም ከዚያ በፊት ፓርቲዎቹ የራሳቸውን ሰዎች እርስ በርስ አፋልመው አንድ አንድ ዕጩ ማስቀረት አለባቸው። አባዬ ከተፋላሚዎቹ አንዱን ወደደ። ሲናገሩ ጣታቸውን የሚቀስሩ፣ ፀጉራቸው ነፋስ ላይ ያደረ የሚመስል አዛውንት ሴናተር ናቸው። በቤታችን ስማቸው አይጠራም፤ «ሽማግሌው» ናቸው። «ሽማግሌው አዮዋ ላይ ለጥቂት ተበለጡ!» «ሽማግሌው ኒው ሃምፕሻየርን ጠራርገው ወሰዱ!» ይሄኔ እናቴ «እኚህ ሰውዬ እራት ከኛ ጋር ነው እንዴ የሚበሉት? ሳህን ልጨምር?» ትላለች።

እኔ የገባኝ ነገር ቢኖር ሽማግሌው ሲናገሩ እንደሚቆጡና አባዬ ደግሞ ቁጣቸውን እንደሚወድላቸው ነው። አሁን ሳስበው አይገርመኝም። አባዬ ወልደየስ ሰው ከኤርፖርት ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ ኤርፖርት የሚያመላልስ የሻትል ሾፌር ነበር። የሰው ሻንጣ እያነሳ በቀን መቶ ጊዜ «ዬስ ሰር» ይላል። የሚቆጣለት ሰው ሲያገኝ ለምን አይወድ?

የምንኖረው ሎውሪ ውስጥ ነው፣ ዴንቨር አልቆ አውሮራ ከሚጀምርበት ጥግ። እትዬ ዘርፈሽዋል «አልጋችን ዴንቨር፣ የቆሻሻ በርሜላችን አውሮራ» እያለች ትቀልድ ነበር። እኔና እናቴ ወደዚያ ሕንፃ ከገባን ገና ሁለት ዓመታችን ነው። አባዬ በሱዳን በኩል ከአገር ሲወጣ እኔ የስድስት ወር ሕፃን ነበርኩ፤ ስለዚህ ስምንት ዓመት ሙሉ አባቴ ስልክ ነበር። እሑድ እሑድ ይደውላል፣ «አባዬ ነኝ» ይላል፣ «ምን ልላክልሽ?» ይላል፣ ይቋረጣል። ዴንቨር ኤርፖርት ደርሰን አቅፎ ሲያነሳኝ «እንደምን ነዎት?» አልኩት። ሊቀበለን የመጣው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ ብቻ አልሳቀም።

ሔርሜላ ግን እዚያው ሕንፃ ውስጥ፣ እሷ ከላይ እሱ ከታች ሆነው ነው ያደገችው። አባቷ በአራት ዓመቷ ሞቶባታል። ብስክሌት ያስተማራት አባዬ ነው። ዝናብ ሲሆን ከትምህርት ቤት የሚያመጣት አባዬ ነው። የመጀመሪያ ጥርሷ ሲወልቅ በሶፍት ጠቅልላ ያሳየችው ለአባዬ ነው። እኔ ስልክ ሥር ቁጭ ብዬ የጠበቅኳቸውን ስምንት ዓመታት እሷ ላይ ቤት ተቀምጣ በላቻቸው። ያን ጊዜ የገባኝ እንደዚያ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱ ካፒቶል ሂል ወደሚባለው የዴንቨር ሰፈር እየሄዱ የሰው በር ያንኳኳሉ። ኮልፋክስ መንገድ ዳር ባሉት አሮጌ የጡብ አፓርትመንቶች ደረጃ ለደረጃ እየወጡ፣ «ለሽማግሌው ድምፅዎን ይሰጣሉ ወይ?» ብለው ጠይቀው፣ ክሊፕቦርዱ ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ይህን አሁን ነው የማውቀው። ያኔ ግን በየበሩ ኬክ የሚቀርብላቸው፣ በየደረጃው የሚሯሯጡ ይመስለኝ ነበር። ሌላ ምን ያስቃቸዋል? ሲመለሱ በመስኮት አያቸዋለሁ። ከመኪናው ይወርዱና ግቢው ውስጥ ቆመው ያወራሉ። ሔርሜላ እጇን እያወናጨፈች ትናገራለች። አባዬ አንገቱን ወደ እሷ ዘንበል አድርጎ፣ ስብከት እንደሚሰማ ሰው እያንዳንዷን ቃል ያዳምጣል። አንዳንዴ ኪሱ ካለች ወረቀት ላይ አንድ ነገር ይጽፋል። እኔ ስናገር ጽፎ አያውቅም።

ከዚያ ወደ ቤት ሲገባ የሆነ ነገር ይዞልኝ ይመጣል። አንዴ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ ዚፕ የሚዘጋ የምሳ ቦርሳ፤ አንዴ ባለ አበባ የፀጉር ማሰሪያ፤ አንዴ በረዶ ላይ የሚደረግ ባለ ጣት ጓንት። «እንቺ እምዬ» ይላል እየፈራ። እኔ ግን እንዲህ ያለ ነገር መምረጥ የሚችል አባት እንደሌለኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ከሔርሜላ የተረፈ መሆን አለበት። የምሳ ቦርሳውን ወስጄ ከአልጋዬ ጀርባ ከግድግዳው ጋር ወሸቅኩት። ምሳዬንም እንደ ድሮው በፌስታል ይዤ ሄድኩ፤ ልጆቹም እንደ ድሮው ሳቁ።

አንድ ቀን እትዬ ዘርፈሽዋል ከሱቋ ስትመለስ እኛ ቤት ጎራ ብላ፣ ከእናቴ ጋር ኩሽና ውስጥ ሲያወሩ ሰማኋቸው።

«ወልዴ ባይኖር እኔና ልጄን ምን ይውጠን ነበር?» ትላለች ዘርፈሽዋል። «አባት ሆኖ ነው ያሳደገልኝ። ማን ለሰው ልጅ እንዲህ ይሆናል?»

«ይሁን እንጂ የኔዋንም አንድ ቀን ውሰዳት ብለው እምቢ አለኝ» አለች እናቴ። «ሌላ ጊዜ፣ ሌላ ጊዜ ይላል። ምን አለኝ መሰለሽ? 'እንዳታየኝ ነው።'»

«ምኑን እንዳታየው?»

እናቴ መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት እኔን በሩ ላይ አየችኝ። «ውሃ ጠጪና ሂጂ» አለችኝ። ውሃ አልጠማኝም ነበር፤ ግን ጠጥቼ ሄድኩ።

እንዳታየኝ ነው። ይህችን ቃል ይዤ ስንት ሌሊት አደርኩ! ምን እያደረገ ነው የማላየው? መልሱን ያገኘሁት ራሴ ነው፦ ከሔርሜላ ጋር አባትና ልጅ ሲጫወቱ እንዳላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የአባዬን ጠባይ ካልነገርኳችሁ ኋላ የሆነው ነገር አይገባችሁም። አባዬ የሚፈልገውን ነገር ሲሰጡት መጀመሪያ እምቢ ይላል። እኛ ዘንድ ሁሉም ሰው ይላል፤ እሱ ግን ይብሳል። ዘርፈሽዋል ሳህን ይዛ ስትመጣ «በልቻለሁ» ይላል። «እሺ ትንሽ ቅመስ» ስትለው «ጥግብ ብያለሁ» ይላል። ሦስተኛ «በሞቴ!» ስትለው ብቻ ነው እጁን የሚታጠበው፤ ከዚያ ሳህኑ ባዶ ይሆናል። አሜሪካ በገባ በመጀመሪያው ዓመት አንድ የሥራ ባልደረባው ለታንክስጊቪንግ በዓል ቤቱ ጠራው አሉ። ባለቤትየዋ ተርኪ የሚሉትን የበዓል ዶሮ ቆርሳ «ይጨመርልህ?» አለችው፤ «ኖ፣ ታንክ ዩ» አለ። ሴትዮዋም እሺ ብላ ሳህኑን ወደ ሌላው አሳለፈች። አባዬ ሁለተኛውን ጥያቄ ሲጠብቅ ኬኩ መጣ፣ ኬኩም እንደዚያው አለፈ፣ ሰዓቱ ደረሰና ተሰናብቶ ወጣ። ቤቱ ገብቶ የትናንት ሩዝ በቁሙ በላ። ዘርፈሽዋል ይህን ስታወራ እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች። «ከዚያ ወዲህማ ተምሬያለሁ» ይላል አባዬ። አልተማረም።

ማርች አንድ፣ ማክሰኞ፣ የካውከሱ ቀን ደረሰ። ካውከስ ማለት የየሰፈሩ ሰው አንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ ተከራክሮ፣ በግላጭ ተቆጥሮ የሚመርጥበት ስብሰባ ነው። የኛ ሰፈር በአንድ ትምህርት ቤት ምሳ ቤት ውስጥ ነበር፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት። እናቴ ሥራ ገብታለች፣ ዘርፈሽዋል ሱቅ ናት፣ እኔን የሚይዝ ሰው የለም። አባዬ ወደደም ጠላም ወሰደኝ።

ሳምንቱን ሙሉ መታጠቢያ ቤት ዘግቶ ከመስታወቱ ጋር ሲያወራ ሰንብቷል። «ማይ ኔም ኢዝ ወልደየስ። አይ ድራይቭ ፒፕል» ይላል፣ ያስላል፣ እንደገና ይጀምራል። ለዜግነት መሐላው የገዛውን ጥቁር ሱፍ ላውንደሪ ሰጥቶ አውጥቷል። ለካውከሱ አልለበሰውም፤ «ይኼ ለፊላደልፊያ ነው» አለ። መኪና ውስጥ ሔርሜላ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ተቀምጠን ስንሄድ ነገሩን ሁሉ ሰማሁ። ዛሬ ማታ ከየሰፈሩ ተወካይ ይመረጣል። ተወካዩ ወደ ካውንቲው ስብሰባ፣ ከቀናው ወደ ኮሎራዶ ስብሰባ፣ በጣም ከቀናው ሐምሌ ላይ ፊላደልፊያ፣ ዕጩው ወደሚሰየምበት ታላቁ ጉባኤ ይሄዳል።

«ጋሼ ወልዴ፣ ከተመረጥክ እኔንም ትወስደኛለህ፣ ራይት?» አለች ሔርሜላ።

«አንቺን ትቼ? ማን ያነብልኛል?» አለ አባዬ እየሳቀ።

እኔ ከኋላ ሆኜ ቆጠርኩ። ቅዳሜዎቹ አልበቃት ብለው ካውንቲ፤ ካውንቲው አልበቃት ብሎ ፊላደልፊያ።

ምሳ ቤቱ በሰው ጢም ብሏል። ወለሉ የሰምና የፈሰሰ ወተት ሽታ ይሸታል። ወንበሮቹ የልጆች ስለሆኑ ትልልቅ ሰዎች ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደርሶ ተቀምጠዋል። ስብሰባውን የምትመራው ዶና የምትባል ጡረተኛ ነበረች፤ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ አባዬን ከበር ማንኳኳቱ የምታውቀው። «ዎልዲ!» ብላ አቀፈችው። ከዚያ ሔርሜላን ትከሻዋን ይዛ «ይህቺ ድንቅ ልጅህ ባትኖር ምን እንሆን ነበር!» አለች።

አባዬ ፈገግ አለ። «ልጄ አይደለችም» አላለም። «ልጄስ ይህቺ ናት» አላለም። እኔ እኮ ከጀርባው ቆሜ የጃኬቱን ጫፍ ይዣለሁ። ለቀቅኩት።

መጀመሪያ ቆጠራ ሆነ። የሽማግሌው ደጋፊ በወተቱ ፍሪጅ በኩል፣ የተፎካካሪያቸው ደጋፊ በመድረኩ በኩል ቆመ። አባዬ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሰው በሰው ቆጠረ። ሽማግሌው በለጡ። ወተቱ ጋ ያለው ሰው ጮኸ፣ አንዲት አሮጊት አባዬን ጉንጩን ሳመችው። ደስታው ፊቱ ላይ ሲወጣ አየሁት፤ ለኔ ወጥቶ አያውቅም ብዬ በዚያችም ሰዓት ቀናሁ።

ከዚያ ተወካይ መምረጡ መጣ። ለሽማግሌው ወገን ሦስት ወንበር ደርሷል።

«እኔ መጀመሪያ የምጠቁመው ዎልዲን ነው» አለች ዶና። «በዚህ ክረምት ከሁላችንም የበለጠ በር ያንኳኳው እሱ ነው።» ጭብጨባው ጣሪያውን ነካ።

አባዬ ተነሳ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ወለል ወለሉን እያየ፣ «ኖ፣ ኖ፣ ፕሊስ። እኔ ሾፌር ብቻ ነኝ። እዚህ ከእኔ የሚሻሉ ብዙ ሰዎች አሉ» አለ።

እኔን ምንም አልገረመኝም። ይህ «በልቻለሁ» ነው።

«እርግጠኛ ነህ፣ ዎልዲ?» አለች ዶና።

«ታንክ ዩ፣ ታንክ ዩ። ኖ» አለ አባዬ። ይህ ደግሞ «ጥግብ ብያለሁ» ነው። ግን አልተቀመጠም። ልብ በሉ፣ አልተቀመጠም። የምሩን እምቢ ያለ ሰው ይቀመጣል። እሱ ግን እጁን ደረቱ ላይ እንዳደረገ፣ ጆሮው ቀልቶ ቆሟል። በዚያ ክፍል ውስጥ ካለው መቶ ሰው የአባዬ ሆድ ምን እንደሚል የምታውቅ አንዲት ነፍስ ብቻ ነበረች። ሔርሜላ እንኳ አላወቀችም፤ እሷ የዚህ አገር ልጅ ናት፣ እምቢ ሲሏት እሺ ትላለች። አፏን ከፍታ ታየው ነበር።

ዶና ግራ ገባት። ሰዓቷን አየች፣ ወደ ሔርሜላ ዞረች። «የኔ ማር፣ አባትሽን በቋንቋችሁ ጠይቂልኝ። የምሩን ነው?»

ሔርሜላ ራሷን ነቀነቀች። «አባቴ አይደለም» አለች በእንግሊዝኛ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። «ልጁ ይህቺ ናት።» ክንዴን ይዛ ወደ ፊት አቀረበችኝ። «እሷን ጠይቂያት።»

ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት ነገር ይኼው ሆነ። መቶ ሰው ዞሮ አየኝ። ዶና ጎንበስ ብላ፣ መነጽሯ አየር ላይ እየተወዛወዘ፣ «አባትሽ የምሩን ነው እምቢ ያለው?» አለችኝ።

አባዬ ቀና ብሎ አየኝ።

የቦታው ባለቤት መሆኔን ሔርሜላ ናት የመሰከረችልኝ። እኔም በዚያ ቦታ ላይ ቆሜ፣ ካውንቲውን፣ ፊላደልፊያን፣ ከፊት ወንበር ላይ የሚወዛወዘውን የሔርሜላን ፀጉር አሰብኩ።

«ዬስ» አልኳት። «ሂ ሚንስ ኖ።»

አዎ፣ የምሩን ነው እምቢ ያለው።

ዶና «እሺ፣ እናከብርልሃለን» አለች። ሌሎች እጆች ወጡ። ሦስተኛውን ወንበር ታይለር የሚባል ጢሙ ገና ያልሞላ ተማሪ አገኘው። ማንም ሳይጠቁመው ራሱ ነው «እኔ!» ብሎ የተነሳው። አባዬ ቀስ ብሎ ተቀመጠና ከሁሉም ቀድሞ አጨበጨበለት።

በመልስ መንገድ ሔርሜላ «ጋሼ፣ ለምን እምቢ አልክ? ስፒቹን በቃልህ ይዘኸው አልነበር?» አለችው። አባዬ «ጥሩ ልጅ ነው ታይለር» አለ።

የተመኘሁት ሁሉ ሆነልኝ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ አባዬ ቤት ዋለ። ክሊፕቦርዱ መጋረጃው ሥር ተቀመጠ፣ እሱ ደግሞ ሶፋው ላይ። እኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ። «ደህና ነሽ?» ይለኛል። «ደህና ነኝ።» «ትምህርት?» «ጥሩ ነው።» ከዚያ ሁለታችንም ቴሌቪዥኑን እናያለን። ጎረቤት ቤት የመሸበት እንግዳ ይመስል ነበር። ሔርሜላ ላይኛው ፎቅ ትመላለሳለች፤ እግሯ ሲሰማ አባዬ ጣሪያውን ያያል። በእጄ አስገብቼውም ቀናሁ።

ሐምሌ ላይ ጉባኤው ደረሰ። የስም ጥሪው ቀን አባዬ ከሥራ ቀደም ብሎ መጣ፣ ገላውን ታጠበ፣ ጥቁር ሱፉን ለበሰ፣ ክራባት አሰረና ሶፋው ላይ ቁጭ አለ። እኔ ለቅሶ የሚሄድ መሰለኝ። እናቴን «ማን ሞተ?» ብላት «ዝም በይ» አለችኝ። ብርጭቆ ውሃ አምጥታ አጠገቡ አስቀመጠችና፣ እሷም፣ የማታደርገውን፣ ጎኑ ተቀመጠች።

ክፍለ አገራቱ በፊደል ተራ እየተጠሩ ድምፃቸውን ይናገራሉ። ኮሎራዶ ሲባል አባዬ ተነስቶ ቆመ። ካሜራው በሰው ላይ ዞረ፤ ባርኔጣ፣ ባንዲራ፣ ላብ። ድንገት አባዬ ጮኸ። «ታይለር! ታይለር እኮ ነው! አያል፣ አየሽው? የኛ ምሳ ቤት ልጅ!» ጣቱን ስክሪኑ ላይ ለጠፈ፤ ልጁ ግን አልፏል። አባዬ እንደዚያው ጣቱን ለጥፎ፣ በሱፉ ከነክራባቱ፣ ሌሎች ክፍለ አገራት እስኪጠሩ ቆመ። መጨረሻ ላይ ሽማግሌው ራሳቸው ተነስተው ጉባኤው ተፎካካሪያቸውን በአንድ ድምፅ እንዲቀበል ጠየቁ። አባዬ ቴሌቪዥኑን አጠፋ። «ጨዋ ሰው ናቸው» አለ። ሱፉን በፕላስቲኩ መልሶ ሰቀለው።

ያን ቀን ነው የሠራሁት ሥራ መጠኑ የታየኝ። ግን የአሥር ዓመት ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር ለማን ትነግራለች? ያዝኩት። ከእኔ ጋር አደገ።

ዛሬ ሔርሜላ ነርስ ናት፣ እኔ ደግሞ አውሮራ ውስጥ ቤት ለቤት አዛውንቶችን እንከባከባለሁ። ከሁሉም በላይ የምቀርባት ሰው እሷ ናት፤ ብነግራት የምታምነኝ ስለማይመስለኝ ምን ያህል እንደጠላኋት ነግሬያት አላውቅም። ባለፈው ክረምት መኪናዋ ውስጥ ሆነን እነዚያን ቅዳሜዎች አነሳሁባት። ሳቀች።

«ያንቺ አባት እኮ አድክሞኝ ነበር» አለች። «ከበር በር እስክንደርስ ጥያቄው ሁሉ ስለ አንቺ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ምሳ በምን ይዛ ብትሄድ አይስቁባትም? ስሊፕኦቨር ምንድን ነው፣ ጓደኛዋ ቤት እንድታድር ልፍቀድላት? ጓንት በስንት ቁጥር ነው የሚገዛው? ይጽፍ ነበር፣ አይ ስዌር።»

ከአልጋዬ ጀርባ የወሸቅኩት የምሳ ቦርሳ ትዝ አለኝ።

«በሩ ላይስ?» አልኳት።

«በሩማ…» መሪውን በጣቷ መታ መታ አደረገች። «አንዳንዱ ይሰማናል። አንዳንዱ ፊታችን ላይ ይዘጋል። አንዱ 'መጀመሪያ መናገር ተማር' ብሎታል። ምን አለ ሲለኝ 'ቢዚ ነኝ ነው ያለው' አልኩት። ሳቀና 'ሔሩ፣ ገብቶኛል፤ ለእምነት ብቻ እንዳትነግሪያት' አለኝ። አባትና ልጅ ነን ማለት የኔ ሐሳብ ነበር፤ ሰው ቶሎ በር ይከፍታል ብዬ። እሱ እኮ መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር፤ 'ልጄ ቤት ናት' ብሎ።»

እናቴ ያኔ ውሃ ጠጪ ብላ ያባረረችኝ እንግዲህ ከዚህ ነው። ስምንት ዓመት በስልክ ትልቅ ሰው የነበረ አባት፣ ሰው በር ሲዘጋበት ልጁ እንዳታየው ነበር የሚሸሸው።

ያን ሳምንት ከሥራ ስወጣ እነ አባዬ ቤት ሄድኩ። አሁን ኮሎራዶ ለፕሬዚዳንት ዕጩ ምሳ ቤት ውስጥ አትሰበሰብም፤ የምርጫው ወረቀት በፖስታ እቤት ድረስ ይመጣል። አባዬ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ወረቀቱን እየሞላ ነበር። እናቴ ተኝታለች። ከፊቱ ተቀመጥኩ።

«አባዬ።»

«እ።»

«ያኔ ካውከሱ ላይ… ዶና ስትጠይቀኝ። የምርህን እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ዬስ ያልኳት እያወቅኩ ነው። ቀንቼ ነው፣ አባዬ። በሔርሜላ ቀንቼ።»

እስክሪብቶው ቆመ። ከዚያ የቀረችውን ክብ አጥቁሮ ጨረሰ።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«እንግሊዝኛዬ ነበር ደካማ። ጆሮዬ ደህና ነበር።»

«ሰምተህ ነው ዝም ያልከው? ቆመህ እየሰማኸኝ? አንዲት ቃል ተናግረህ ልታስተካክለኝ ትችል ነበር እኮ!»

አባዬ ወረቀቱን አጥፎ ፖስታው ውስጥ ከተተ፣ ጠርዙን በምላሱ አርጥቦ ዘጋው፣ በመዳፉ ዳመጠው። መነጽሩን ከፍ አድርጎ አየኝ።

«በሰው ፊት እንግሊዝኛ ስትናገሪ ያን ቀን የመጀመሪያሽ ነበር» አለ። «ምኑን ላስተካክል? ሰዋስውሽ ልክ ነው።»